የሚዜ ውዝዋዜን በሁለት ምሽት መያዝ፦ ስቴፑ የሚጠፋበትን ቦታ አውቆ መለማመድ

ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ ልምምዱ ሐሙስ ማታ። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ ስድስት ሚዜዎች ሳሎኑን ሞልተውታል። ግማሾቹ በቀጥታ ከሥራ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ትናንት ከአሜሪካ ገብቶ እንቅልፉ ገና አልተስተካከለም። አሰልጣኙ አንዴ ሲያሳያቸው ሁሉም "ይሄማ ቀላል ነው" ይላሉ። ሙዚቃው ሲከፈት ግን አምስተኛው ስቴፕ ላይ ይቆሙና እርስ በርስ ይተያያሉ።

ሚዜ ማለማመድ የጀመርኩ ሰሞን ጥፋቱ የእነሱ ይመስለኝ ነበር። "እስቲ ልባችሁን ሰብሰብ አድርጉ" እያልኩ እቆጣለሁ፤ እንደገና አሳያለሁ፤ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ይጠፋል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ መሆኑን ልብ ያልኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ሰው ስቴፑን አይረሳም። ትከሻ መምታት፣ ቁጭ ብድግ ማለት፣ መዞር ማን ይጠፋዋል? የሚጠፋው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው፣ መጋጠሚያው ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ነገር ዙሪያ ነው።

እጃችን ላይ የሚጨበጥ ነገር እንዲኖር አንድ አጭር ቅንብር ልስጣችሁ። አሥራ ስድስት ቆጠራ ነው፤ አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል አራት ቆጠራ ይወስዳል።

መጀመሪያ እጅ ወገብ ላይ ሆኖ በቀኝ እግር ተጀምሮ አራት እርምጃ ወደፊት። ቀጥሎ ትከሻ፦ ሁለቴ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ሁለቴ ወደ ግራ። ሦስተኛው ቁጭ ብድግ ነው፤ በሁለት ቆጠራ መውረድ፣ በሁለት ቆጠራ መነሣት። መጨረሻው በቀኝ እግር ተጀምሮ በአራት እርምጃ ባሉበት አንድ ሙሉ ዙር መዞር። ከዚያ ከመጀመሪያው ይደገማል።

1. መጀመሪያ ቁሙና ተመልከቱ

አሰልጣኙ ሲያሳይ አብራችሁ አትንቀሳቀሱ። ይህ ለብዙ ሰው ይከብደዋል፤ በተለይ ውዝዋዜ የሚወድ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ትከሻው አያስቀምጠውም። ግን የሚያየውን እየተከተለ የሚሠራ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚሠራው፤ ዓይኑ የሚመጣውን፣ እግሩ ያለፈውን ይዞ ይጋጫሉ። ሁለት ጊዜ ሙሉውን እጅ አጣጥፋችሁ እዩ። በመጀመሪያው የላይኛውን አካል፣ በሁለተኛው እግሩን ብቻ። አንዴ ብቻ ማየት ከተፈቀደላችሁ እግሩን እዩ፤ ትከሻው ከእግሩ ጋር አብሮ ይመጣል፣ እግሩ ግን ከትከሻው ጋር አይመጣም።

የምትቆሙበትም ቦታ ለውጥ ያመጣል። ከአሰልጣኙ ፊት ለፊት ከቆማችሁ የእሱ ቀኝ የእናንተ ግራ ነው፤ ጭንቅላታችሁ እንቅስቃሴውን ከመያዙ በፊት ሊገለብጠው ይደክማል። ከኋላው ቁሙ። ከውጭ አገር በቪዲዮ የሚማር ሚዜ ካላችሁ አሰልጣኙን ከጀርባው ቀርጻችሁ ላኩለት። ይህችን አንድ ነገር በማድረግ ብቻ ግማሹ "ቀኝ ነው ግራ?" የሚለው የስልክ ጥያቄ ይቀራል።

2. አይታችሁ እስክትሠሩ ድረስ ሌላ ነገር አትወዝውዙ

አይታችሁ በጨረሳችሁና ራሳችሁ በምትሞክሩት መካከል ያለችው ግማሽ ደቂቃ በጣም ተሰባሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 ሎይድና ማርጋሬት ፒተርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎችን ሦስት ፊደል እያስያዙ ወዲያው ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠሯቸው፤ 18 ሰከንድ ሲሞላ አብዛኛው ጠፍቶ ነበር። ሦስት ፊደል ብቻ!

ለእንቅስቃሴ ደግሞ የራሱ የሆነ ማስቀመጫ ያለ ይመስላል። እንግሊዝ ውስጥ ሜሪ ስሚዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ባደረጓቸው ሙከራዎች ሰዎች የሰውነት እንቅስቃሴ በቅደም ተከተል እንዲይዙ ተደረገ። ያን ይዘው ሳለ ሌላ ዓይነት የሰውነት እንቅስቃሴ ሲሠሩ የያዙት ተበላሸባቸው፤ በቦታ የተለዩ ነጥቦችን በእጃቸው ሲነኩ ግን ያን ያህል አልተጎዱም። የነጥቦቹን ቦታ በቅደም ተከተል እንዲይዙ ሲደረግ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ማለትም "የት" የሚለውና "በምን ዓይነት አኳኋን" የሚለው በአንድ ጓዳ ውስጥ አይቀመጡም፤ አንዱን እንቅስቃሴ የሚያጠፋው ሌላ እንቅስቃሴ ነው።

ሳሎን ውስጥ ይህ ምን ማለት ነው? ተራውን ሲጠብቅ በራሱ እስክስታ የሚጫወተው ልጅ አሁን ያየውን በገዛ ትከሻው እያጠፋው ነው። እሱ ነው ብዙ ጊዜ "አንዴ ድገምልኝ" የሚለው። በመሀል ስልክ አውጥቶ የሌላ ሰው ጭፈራ የሚያይም ብዙ አይለይም ብዬ አምናለሁ። ማውራት ግን ይቻላል፤ ስለ ሱፍ ኪራዩ ተጨቃጨቁ፣ ውኃ ጠጡ፣ ብቻ ትከሻችሁ ይረፍ።

3. ቆራርጡት

ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር ነው ብሎ ነበር፤ ኔልሰን ካዋን በ2001 ነገሩን መርምሮ ወደ አራት ዝቅ አደረገው። ለሚዜ የካዋን ቁጥር ይሻላል። አሥራ ስድስት ቆጠራ እንደ አሥራ ስድስት ነገር ከተያዘ አይያዝም፤ እንደ አራት ነገር ከተያዘ ይያዛል።

መቁረጫውን ግን በቁጥር ብቻ አትፈልጉ። የሰውነት ክብደት ከእግር ወደ እግር የሚዛወርበት፣ ወይም አካሉ አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ተፈጥሯዊ ቁርጥ ነው። አንድ ቁራጭ ሲሠራ "አለቀ" የሚል ስሜት ሊሰጥ ይገባል፤ እንደ ዓረፍተ ነገር።

እዚህ ላይ ነው ልምድ ያለው ተወዛዋዥና ጀማሪ የሚለያዩት። ልምድ ላለው ሰው "ጉራጊኛ ግባ" ካላችሁት እግሩም፣ እጁም፣ ፍጥነቱም አንድ ላይ ይመጡለታል፤ ለእሱ አንድ ነገር ነው። ለጀማሪው አሥር ነገር ነው። የሚገርመው፣ ጃኔት ስታርክስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ ወጣት የባሌት ተማሪዎችን ሲፈትኑ የሠለጠኑት ከጀማሪዎቹ የበለጡት ስቴፖቹ ወግ ባለው መንገድ ሲቀናበሩ ነው፤ እነዚያው ስቴፖች እንዲያው በዘፈቀደ ሲደረደሩ ብልጫቸው ጠፋ። ስለዚህ አሰልጣኝ ከሆናችሁ ለጀማሪ ሚዜ ከአምስት አገር ጭፈራ የተለቃቀመ ቅንብር አትስጡ። ከጎጃም አንገት፣ ከወላይታ ወገብ፣ ከትግራይ ዙሪት፣ ሁሉም በሃያ ሰከንድ ውስጥ! ለተመልካች ያምራል፤ ለሚዜ ግን የሚይዝበት ዘንግ የለውም።

4. ስም ስጡት፣ ከቤት ያለ ስም

ለየቁራጩ አንድ ቃል። ቃሉ ቅርጹን የሚያስታውስ ይሁን፣ ደግሞም ትንሽ የሚያስቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ከላይ ላለው ቅንብር አንድ ቡድን ያወጣቸው ስሞች እስካሁን ያገለግሉኛል፦ ወደፊት መራመዱ "እንግዳ"፣ ትከሻው "ወንፊት"፣ ቁጭ ብድጉ "ወቀጣ"፣ ዙሩ "በር"። እንግዳ፣ ወንፊት፣ ወቀጣ፣ በር። አሁን የያዛችሁት አራት ቃል ነው፤ የቃል ትውስታ ደግሞ ከእንቅስቃሴው ጓዳ ውጭ ስለሆነ ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ስሙንና ቁጥሩን አብራችሁ በአፋችሁ አትበሉ። "ወንፊት… አንድ ሁለት… ሦስት… ወቀጣ" እያለ የሚለማመድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ምላስ ሊሸከም እየሞከረ ነው። አለን ባድሊና ግራሃም ሂች እ.ኤ.አ. በ1974 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት በውስጥ ድምፅ የምንደጋግመው ነገር አንድ ጠባብ መንገድ ነው ያለው፤ ሁለት ነገር ከገባበት ይተጋፋል። ቅደም ተከተሉን ስትይዙ ስም፣ ቅደም ተከተሉ ከተያዘ በኋላ ቁጥር።

5. በትንሹ ሥሩት

በሙሉ ኃይል አትጀምሩ። በእግር ፈንታ በእጅ አሳዩ፤ ለዙሩ ጣታችሁን ብቻ አዙሩ፤ ለቁጭ ብድጉ ጉልበታችሁን ትንሽ ብቻ እጠፉ። ስንፍና የሚመስላቸው አሉ፤ በተለይ የሙሽራው አባት ሳሎኑን አልፈው ሲሄዱ "ምነው እነዚህ ልጆች አሞኛል አሉ እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም። ግን የሠለጠኑ የባሌት ተማሪዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የኤድዋርድ ዋርበርተንና ባልደረቦቹ ጥናት፣ በልምምድ ላይ እንዲህ በትንሹ የሠሩትን ቅንብር ኋላ ሲፈተኑ በሙሉ ኃይል ከተለማመዱት ቅንብር የተሻለ ሠርተውታል። ጉልበቱና ሚዛን መጠበቁ ራሱ ሐሳብ ይበላል፤ እሱን ስታሳርፉት ሐሳባችሁ ለቅደም ተከተሉ ይተርፋል።

የቤተ ክርስቲያን አቋቋም የተማረ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አይደክሙበትም። (የሠርግ ጭፈራን ከማኅሌት ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ ስለሚለመድበት መንገድ ብቻ ነው የማወራው።) ዜማው በቁም ይጀመራል፤ በዝማሜ መቋሚያው እየተወዛወዘ ይሄዳል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ በመረግድ፣ በኋላም በጽፋት እየፈጠነ ይመጣል። ሰውነቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሸከምም፤ በላዩ ላይ እየተጨመረለት ነው የሚሄደው።

6. መጋጠሚያውን ለብቻው

አሁን ወደ ዋናው መጣን፤ ከጠቅላላው የልምምድ ጊዜ ግማሹን እዚህ ላይ አጥፉ።

መጋጠሚያ ማለት የአንዱ ቁራጭ የመጨረሻ ቆጠራና የሚቀጥለው የመጀመሪያ ቆጠራ ናቸው። ሁለት ቆጠራ ብቻ። እዚያ ላይ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ክብደቴ በየትኛው እግር ላይ ነው? ክብደት ያረፈበት እግር አይነሣም፤ የሚንቀሳቀሰው ባዶው እግር ነው። ስለዚህ ክብደቱ የት እንዳለ ካወቃችሁ የሚቀጥለው ስቴፕ ራሱ ይመጣል፤ ካላወቃችሁ ግን ስሙን ብታስታውሱም እግራችሁ እንቢ ይላል።

በቅንብራችን እንሞክረው። "እንግዳ" ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ብሎ ያልቃል፤ ክብደት በግራ ላይ ነው፣ ቀኝ ባዶ ነው። "ወንፊት" ወደ ቀኝ በማዘንበል ስለሚጀምር ባዶው ቀኝ ይቀበለዋል። ጥሩ፣ ይህ መጋጠሚያ ራሱን ይሠራል፤ አትድከሙበት። "ወንፊት" በግራ ያልቃል፤ "ወቀጣ" ግን በሁለት እግር እኩል መውረድ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ክብደቱን ከግራ ወደ መሀል ማምጣት አለባችሁ፤ ይህን የማያደርግ ሰው ሲወርድ ወደ ግራ ይንገዳገዳል።

ሦስተኛው መጋጠሚያ ነው ሚዜ የሚፈጀው። ከ"ወቀጣ" ስትነሡ ብዙ ሰው፣ በተለይ ቀኝኛ የሆነ፣ በቀኝ እግሩ ገፍቶ ይነሣል፤ ክብደቱም እዚያው ይቀራል። "በር" ደግሞ በቀኝ እግር ነው የሚጀምረው። ክብደት ያለበት እግር አይነሣምና ሰውየው ወይ ይዘላል፣ ወይ በግራ ጀምሮ በተቃራኒው ይዞርና ከጎኑ ካለው ሚዜ ጋር ይጋጫል። ተመልካቹ "ረሳው" ይላል። አልረሳም፤ እግሩ ተያዘበት። መድኃኒቱ ሲነሡ በአራተኛው ቆጠራ ላይ ሆን ብሎ በግራ መቆም ነው። ለዚህች ብቻ ቃል ስጧት። "ወቀጣ፣ በግራ፣ በር።" ይህን ሦስት ቃል አሥር ጊዜ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ትታችሁ፣ ያንን ብቻ ሥሩ።

የመጨረሻው "በር" በግራ ያልቃል፤ ቀኝ ባዶ ይሆናል፣ "እንግዳ" ደግሞ በቀኝ ይጀምራል። ክቡ ተዘጋ። የራሳችሁን ቅንብር ስትሠሩም በወረቀት ላይ የቁራጮቹን ስም ጽፋችሁ በየመካከሉ "ቀ" ወይም "ግ" ብቻ አስቀምጡ። አንድ መስመር ነው፤ ከሁለት ሰዓት ድግግሞሽ ይሻላል።

7. ከመሀል ጀምሩ

ተራ የያዘ ነገር ስንይዝ መጀመሪያውና መጨረሻው ይቀራል፤ መሀሉ ይሳሳል። ሁልጊዜ ከ"እንግዳ" የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያው ሃያ ጊዜ ሲለመድ መጨረሻው አምስት ጊዜ ብቻ ይነካል፤ ምክንያቱም በመሀል በተሳሳታችሁ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ። ይህ ልማድ መጥፎ ነው። አንድ ሰው ከውጭ ስም ይጥራ፦ "ወቀጣ!" ሁላችሁም ከዚያ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። "በር!" ካለ ከበር ተነሥታችሁ ወደ እንግዳ ግቡ። ስትሳሳቱም ወደ መጀመሪያው አትመለሱ፤ ከመጋጠሚያው በፊት ወዳለው ቁራጭ ብቻ ተመለሱ።

8. ጀርባ ስጡት

አሰልጣኙን እያዩ ልክ መሥራት ማስታወስ አይደለም፤ መቅዳት ነው። እሱ ይቀመጥ። ወይም ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩና ሥሩ። መጀመሪያ ትበላሻላችሁ፤ ይበላሽ። ተቸግሮ ራሱ ያወጣው ነገር ነው የሚቀረው። ከዚያ አቅጣጫውን ደግሞ ቀይሩ፦ አንዴ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ አንዴ ወደ በሩ። ሳሎኑን እንደ ምልክት ይዛችሁት ከሆነ ("ሶፋው ጋ ስደርስ እዞራለሁ") አዳራሹ ውስጥ ሶፋ የለም።

9. ሙዚቃው አሁን ይግባ

ብዙ አሰልጣኞች ከሙዚቃ ይጀምራሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ሙዚቃ ይጎትታል፣ ለማሰብ አይጠብቅም።

አብዛኛው የአማርኛ የሠርግ ዘፈን በችክችካ ነው የሚሄደው፤ ስድስት ትንንሽ ምት በሁለት ትልልቅ ምት ላይ ተሸክሞ። ቁጥራችሁን በትልልቁ ላይ አስቀምጡ። በትንንሾቹ ላይ ልቁጠር ያለ ሰው ምላሱ ይቀድመዋል፣ እግሩ ይቀራል። ትከሻው በትንንሾቹ መሀል ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ያምርበታልም፤ እግሩ ግን በትልልቁ ይሂድ። መጀመሪያ በጭብጨባ ብቻ፣ ከዚያ ዘፈኑን በስልክ ላይ ቀስ ባለ ፍጥነት፣ መጨረሻ በራሱ ፍጥነት።

10. ተኙ

ሐሙስ ማታ ሰባት ሰዓት ድረስ ከመልፋት አራት ሰዓት ላይ ጨርሳችሁ ተኙ። ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ሰዎችን የጣት ምት ቅደም ተከተል አስተምረው ሲያዩ፣ አንድ ሌሊት የተኙት ያለ ምንም ተጨማሪ ልምምድ ፍጥነታቸው 20 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። ዓርብ ጠዋት ከአልጋ እንደወረዳችሁ፣ ስልክ ከመንካታችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ በትንሹ ሥሩት። የጎደለ ካለ የሚጎድለው መጋጠሚያ ላይ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ጻፉና ዓርብ ማታ ያንን ብቻ ተለማመዱ።

በዕለቱ ከጠፋባችሁ

ይጠፋል። ካሜራው አለ፣ እናቶች እልል ይላሉ፣ ወዳጅ ዘመድ በስልክ እየቀረጸ ነው። ሲጠፋባችሁ ጓደኛችሁን ለማየት ፊታችሁን አታዙሩ፤ ቪዲዮው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ያ መዞራችሁ ነው። ትከሻችሁን አታቁሙ። ክብደታችሁን ወደ ግራ አምጡ፤ በዚህ ቅንብር ከ"ወቀጣ" በቀር ሁሉም ቁራጭ የሚጀመረው ክብደት በግራ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በጎን ዓይናችሁ የሚቀጥለው ቁራጭ ሲጀመር ጠብቁና ግቡ። መሀል ላይ ለመግባት አትሞክሩ፤ ቢበዛ አራት ቆጠራ ነው የምትጠብቁት። የሚረሳውን ሚዜ አስቀድማችሁ ካወቃችሁት ደግሞ (ሁሌም አንድ አለ፣ ራሱም ያውቃል) ከፊት ረድፍ አንሡትና ከኋላ፣ ከማይሳሳተው ቀጥሎ አቁሙት።